የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ካፕቸር ካርድ ስትገዙ «4ኬ» የሚለውን ትታችሁ ሶኬቱን እዩ

በዚህ ወር ከጎጃም የደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ አንድ ጉዳይ ላይ ናቸው፦ ጌም ቀርጾ ዩቲዩብና ቲክቶክ ላይ መጫን። በጣም ደስ ብሎኛል። በየሰፈሩ ጌም ቤት ቅዳሜና እሁድ የሚደረገው ውድድር፣ ያ ሁሉ ጩኸትና ያ ሁሉ ጎል፣ ማታ በሩ ሲዘጋ እዚያው ነው የሚቀረው። ልጆቹ ይቅረጹት፣ በራሳቸው አማርኛም ያስተላልፉት ባይ ነኝ። ስለዚህ የዛሬውን ዓምድ ሙሉውን ለዚህ ሰጥቼዋለሁ።

ለማያውቅ ሰው ባጭሩ ልንገር። ካፕቸር ካርድ ከፕሌይስቴሽኑ በኤችዲኤምአይ የሚወጣውን ምስልና ድምፅ ተቀብሎ በዩኤስቢ ለኮምፒዩተር የሚያቀብል ትንሽ ዕቃ ነው። ኮምፒዩተሩ እንደ ካሜራ አድርጎ ነው የሚያየው። የኮምፒዩተር ጌም ብቻ የምትጫወቱ ከሆነ አያስፈልጋችሁም፤ ኦቢኤስ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ስክሪኑን ራሱ ይቀርጸዋል።

ጥያቄ፦ ደብረ ማርቆስ ጌም ቤት አለኝ። ሁለት ፒኤስ4 እና አንድ ኮር አይ5 ላፕቶፕ አለኝ፣ የፊፋ ውድድራችንን መቅረጽ እፈልጋለሁ። አዲስ አበባ ያለው የአጎቴ ልጅ የሁለት ካርድ ፎቶ ላከልኝ። አንዱ አውራ ጣት የሚያክል፣ «4ኬ» የተጻፈበት፣ በጣም ርካሽ ነው። ሌላው ዋጋው ብዙ እጥፍ ነው፣ ግን 1080 ነው የሚለው። ርካሹ 4ኬ ከሆነ ውዱን ለምን እገዛለሁ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ያ «4ኬ» የሚያወራው ስለ መግቢያው ነው። ካርዱ 4ኬ ምስል ቢመጣለት ይቀበላል፣ ነገር ግን ወደ ላፕቶፕህ የሚያሳልፈው ቢበዛ 1080ፒ (ከ4ኬ ያነሰ የምስል ጥራት)፣ እሱም በሴኮንድ 30 ፍሬም፣ ማለትም 30 ምስል ነው። አንተ የምትቀርጸው ደግሞ የገባውን ሳይሆን የወጣውን ነው። ሻጩም ብዙ ጊዜ ይህን አያውቀውም፣ ካርቶኑ ላይ ያነበበውን ነው የሚነግርህ።

ልዩነቱ የሚመጣው ከዩኤስቢው ነው። ፒኤስ4 ፊፋን በ1080ፒ፣ በሴኮንድ 60 ፍሬም ያወጣል። ይህን ምስል ሳይጨመቅ ለማሳለፍ በሴኮንድ ወደ 2 ጊጋቢት ያስፈልጋል። የዩኤስቢ 2.0 ጣሪያ 480 ሜጋቢት ነው፤ የዩኤስቢ 3.0 ደግሞ 5 ጊጋቢት። ስለዚህ ርካሹ ካርድ ምርጫ ስለሌለው ከ60ው ፍሬም ግማሹን ይጥላል፣ የቀረውን እያንዳንዱን እንደ ጄፔግ ፎቶ ጨምቆ ይልካል። ውጤቱን ሣሩ ላይ ታየዋለህ። ካሜራው ከኳሱ ጋር ሲሮጥ ሜዳው ይደበዝዛል፣ የማሊያው ቁጥር አይነበብም፣ ቀይ ማሊያ የለበሰው ደግሞ ጠርዙ ይሻክራል። ለቲክቶክ በስልክ ለሚያይ ሰው ይሄ ብዙም አይታየውም። በትልቅ ስክሪን ዩቲዩብ ለሚከፍት ሰው ግን ወዲያው ይታወቃል።

ካርቶኑ ላይ «ዩኤስቢ 3.0» ቢጻፍም፣ የሶኬቱ ውስጥ ሰማያዊ ቢሆንም አትመን፤ ሰማያዊ ፕላስቲክ ማንም ያስገባል። የአጎትህ ልጅ ሶኬቱን ብርሃን ላይ ይዞ ውስጡን አጠገቡ ሆኖ ይይልህ። አፉ አካባቢ አራት ሰፋ ያሉ ብረቶች አሉ፣ እነሱ በሁሉም ላይ አሉ። እውነተኛ 3.0 ከሆነ ከነሱ ወደ ውስጥ ገባ ብለው ሌሎች አምስት ትንንሽ ብረቶች ይታያሉ፣ ድምሩ ዘጠኝ። አራት ብቻ ከሆነ 2.0 ነው፣ ካርቶኑ የፈለገውን ይበል። ከመክፈሉ በፊት የሶኬቱን ውስጥ ፎቶ አንስቶ ይላክልህ። ዓባይን ተሻግሮ የመጣ ዕቃ መልሶ ማስለወጥ ስንት ጣጣ እንዳለው አንተም ታውቀዋለህ።

ሁለተኛውና ለአንተ ከሁሉ በላይ የሚያስፈልግህ ነገር የቲቪ መውጫ ነው። አውራ ጣት የሚያክለው ካርድ አብዛኛውን ጊዜ አንድ የኤችዲኤምአይ ቀዳዳ ብቻ ነው ያለው። ምስሉ ወደ ላፕቶፑ ገብቶ ይቀራል። ተጫዋቾቹ ላፕቶፑን እያዩ ይጫወቱ ካልክ ምስሉ ዘግይቶ ነው የሚደርሳቸው፤ ጆይስቲኩን ተጭነው ተጫዋቹ ቆይቶ ነው የሚመታው። ገንዘብ ከፍሎ የሚጫወት ደንበኛ ይህን አይታገሥህም፣ ልክም ነው። ሁለት ቀዳዳ ያለው ካርድ ግን ምስሉን በአንዱ ተቀብሎ በሌላው ወዲያው ወደ ቲቪው ያሳልፋል። ደንበኛው እንደ ወትሮው ቲቪ ላይ ይጫወታል፣ አንተ ጥግ ላይ ሆነህ ትቀርጻለህ።

እንግዲህ የኔ ምክር ይሄ ነው። ጌም ቤት ካለህ 1080ፒ በ60 ፍሬም የሚቀርጽ፣ እውነተኛ ዩኤስቢ 3.0 የሆነ፣ የቲቪ መውጫ ያለውን ግዛ። ኤልጋቶ ኤችዲ60 ኤክስ እዚህ ውስጥ ይገባል፣ ግን ስማቸው ብዙ የማይታወቅ ሌሎችም አሉ፤ ከስሙ ይልቅ እነዚህን ሦስት ነገሮች እይ። 4ኬ በ60 ፍሬም ለሚቀርጽ ካርድ ገንዘብ አታውጣ። የአንተ ፒኤስ4 አያወጣውም፣ ላፕቶፕህም አይችለውም፣ የሚጫንበት ኔትም የለንም። አንድ የተለየ ነገር ልጨምርልህ፦ አቨርሚዲያ ላይቭ ጌመር ፖርተብል 2 ፕላስ ዩኤስቢ 2.0 ሆኖ 60 ፍሬም ይቀርጻል፣ ምክንያቱም ምስሉን ራሱ ካርዱ ውስጥ በደንብ ይጨምቀዋል። ያለ ኮምፒዩተርም ማይክሮ ኤስዲ ላይ ይቀርጻል። ያገለገለ ካገኘህ አትለፈው።

ገንዘቡ ካልደረሰ ደግሞ ርካሹን ገዝተህ ከፊቱ የራሱ ኃይል ያለው ኤችዲኤምአይ ስፕሊተር አድርግ። ስፕሊተሩ አንዱን መስመር ወደ ቲቪ፣ አንዱን ወደ ካርዱ ይከፍልልሃል። ጥራቱ 30 ፍሬም ላይ ይቆያል፣ ውድድሩ ግን ይቀረጻል።

ላፕቶፕህ ላይም ዩኤስቢ 3.0 ቀዳዳ መኖሩን አረጋግጥ፣ አለዚያ ውዱ ካርድም ከንቱ ነው። በዩኤስቢ ማባዣ አትሰካው፣ ቀጥታ ላፕቶፑ ላይ ይሁን። ኮር አይ5 ስትለኝ ጀነሬሽኑን አልነገርከኝም። ከ2011 ወዲህ የወጡት የኢንቴል ፕሮሰሰሮች አብዛኞቹ ኩዊክ ሲንክ የሚባል ቪዲዮ መጭመቂያ በውስጣቸው አላቸው። ኦቢኤስ ሴቲንግ ውስጥ፣ አውትፑት የሚለው ጋ ኢንኮደሩን ከኤክስ264 ወደ ኩዊክ ሲንክ ቀይረው፤ ላፕቶፑ ትንፋሽ ያገኛል።

ጥያቄ፦ ከፍኖተ ሰላም ነው። ካርዱን ፒኤስ4 ላይ ሰካሁት፣ ኦቢኤስ ከፈትኩ፣ ግን ጥቁር ነው። መብራቱ በርቷል። ተበላሽቶ ነው የሸጡልኝ?

መልስ፦ አይመስለኝም። ኤችዲሲፒ የሚባል ቁልፍ ነው። ፊልም እንዳይቀዳ ታስቦ የተሠራ ነው፣ ፒኤስ4 ከፋብሪካ ሲወጣ ደግሞ በርቶ ነው የሚመጣው። ካርዱን ነቅለህ ፒኤስ4ህን ቀጥታ ቲቪው ላይ ሰካ። ሴቲንግስ ግባ፣ ሲስተም በል፣ «ኢኔብል ኤችዲሲፒ» የሚለው ላይ ያለውን ምልክት አጥፋ። ከዚያ ካርዱን መልሰህ ሰካው። በፒኤስ5 ከሆነ ሴቲንግስ፣ ሲስተም፣ ቀጥሎ ኤችዲኤምአይ የሚለው ውስጥ ታገኘዋለህ። ቁልፉን ስታጠፋ የፊልም አፖች አይሠሩም፣ ፊልም ማየት ስትፈልግ መልሰህ ታበራዋለህ።

ኤክስቦክስና ኒንቴንዶ ስዊች ጌም ላይ ይህ ጣጣ የለባቸውም። ስዊቹ ግን ዶኩ፣ ማለትም ከቲቪ ጋር የሚያገናኘው ማስቀመጫው ላይ መቀመጥ አለበት። ፒኤስ3 ያላችሁ ስሙኝ፣ እሱ ላይ ቁልፉን ማጥፊያ የለም። በኤችዲኤምአይ አይሆንላችሁም፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊና ቀይ ያለውን የኮምፖነንት ገመድ መጠቀም ነው ያለባችሁ፣ ካርዱም ያን የሚቀበል ይሁን። ገመዱን ቀይራችሁ ምስል ካልመጣ ፒኤስ3ውን አጥፉና ማብሪያውን ሁለተኛ እስኪጮህ ድረስ ተጭናችሁ ያዙት። ያኔ አዲሱን ገመድ ያውቀዋል።

ቁልፉን አጥፍተህም ጥቁር ከሆነ ሦስት ነገር እይ። ገመዱ «ኢን» የሚለው ላይ መሆኑን፤ «አውት» ላይ የሚሰካ ሰው ብዙ ነው። ሌላ ፕሮግራም፣ ለምሳሌ ዙም ወይም የዊንዶውስ ካሜራ፣ ካርዱን ይዞት እንዳይሆን ዝጋው። ከዚያ ዊንዶውስ ሴቲንግ፣ ፕራይቬሲ ውስጥ ገብተህ የካሜራ ፈቃድ መከፈቱን አረጋግጥ። ቅድም እንዳልኩት ኮምፒዩተሩ ካርዱን እንደ ካሜራ ነው የሚቆጥረው፣ ካሜራ ከተከለከለ እሱም ይከለከላል።

ጥያቄ፦ ዳንግላ ነዋሪ ነኝ፣ የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ትልቁ ልጄ ፒኤስ4 አለው። አሁን ደግሞ ለዩቲዩብ ካፕቸር ካርድ ግዢልኝ ብሎ አስቸገረኝ። ዋጋውን ስሰማ ደነገጥኩ። በእርግጥ ያስፈልገዋል?

መልስ፦ እመቤቴ፣ ለጊዜው አይግዙለት። ፒኤስ4 ራሱ ይቀርጻል። ጆይስቲኩ ላይ «ሼር» የሚል ቁልፍ አለ። ማሽኑ ሁልጊዜ የመጨረሻውን 15 ደቂቃ ጨዋታ በራሱ ይዞ ያቆያል፤ ልጅዎ ሴቲንጉን ቢቀይረው እስከ 60 ደቂቃ ይደርሳል። ከዚያ ፍላሽ ሰክቶ ይገለብጠዋል። ፍላሹ ፋት32 ወይም ኤክስፋት ተብሎ ፎርማት የተደረገ ይሁን። ምስሉ በተራው ፒኤስ4 720ፒ ነው፣ ለጀማሪ ይበቃል። ድምፁን በኋላ በስልኩ ቀርጾ ይጨምርበት።

በዚህ መንገድ እየሠራ ይቆይ። ቪዲዮ አቀናብሮ በየጊዜው የሚጭን ከሆነ፣ ሥራውን ከልቡ ይዞታል ማለት ነውና ያኔ ካርዱን ቢገዙለት ገንዘብዎ አይባክንም። ካርድ የሚያስፈልገው በኮምፒዩተር በኩል በቀጥታ ማስተላለፍ ሲጀምር፣ ወይም በዚያው ፊቱንና ጨዋታውን አብሮ ማሳየት ሲፈልግ ነው። አጫጭር ነገር ለመጫን ከሆነ የሼር ቁልፉ በቂ ነው። እኔ ብዙ ልጆች መጀመሪያ ዕቃውን ገዝተው ሥራውን ሳይጀምሩት ሲቀሩ አይቻለሁ፣ ያሳዝነኛል።

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። እየተጫወትኩ በአማርኛ አወራለሁ። ምስሉ ጥሩ ነው፣ ድምፁ ግን አበደብኝ። አንዳንዴ የጌሙ ድምፅ ጭራሽ የለም፣ አንዳንዴ ሁለት ጊዜ ይሰማል። የእኔ ድምፅ ደግሞ ከጨዋታው ይቀድማል፤ ጎል ብዬ ከጮህኩ በኋላ ነው ኳሷ የምትገባው።

መልስ፦ እህቴ፣ የሚያስመርር ነገር ነው፣ ግን ሦስቱም መፍትሔ አላቸው። አንድ በአንድ እንሂድ።

ድምፅ ጭራሽ ከሌለ መጀመሪያ ፒኤስ4ሽን እዪው። ሄድሴትሽን ጆይስቲኩ ላይ ሰክተሽ ከሆነ፣ ሴቲንጉ ውስጥ ሁሉም ድምፅ በሄድሴት ይውጣ የሚለው ከተመረጠ በኤችዲኤምአይ የሚወጣው ድምፅ ይዘጋል። ካርዱ የሚያገኘው ምንም የለም። «ቻት ኦዲዮ» ወደሚለው ቀይሪው። ቀጥሎ ኦቢኤስ ውስጥ ቪዲዮ ካፕቸር ዲቫይስ የሚለውን ደብል ክሊክ አድርጊና ወደ ታች ውረጂ። «ዩዝ ከስተም ኦዲዮ ዲቫይስ» የሚል ሣጥን አለ። ምልክት አድርጊበትና የካርዱን ድምፅ ምረጪ፤ ርካሾቹ ላይ ብዙ ጊዜ ዩኤስቢ ዲጂታል ኦዲዮ በሚል ስም ነው የሚመጣው። እዚያው ገጽ ላይ እያለሽ ሪዞሉሽኑን ከስተም አድርገሽ 1920 በ1080 በዪው፣ አንዳንዴ በራሱ ዝቅ ያለውን ይመርጣል።

ሁለት ጊዜ የሚሰማው ኦዲዮ ሞኒተሪንግ ስለከፈትሽ ነው። የካርዱ ድምፅ በላፕቶፑ ስፒከር ሲወጣ ኦቢኤስ «ዴስክቶፕ ኦዲዮ» ብሎ ያንኑ መልሶ ይቀዳዋል። ዴስክቶፕ ኦዲዮን ሚውት አድርጊው። በቃ፣ ሌላ ነገር አይነካም።

መቅደሙ ደግሞ ካርዱ ምስሉንና ድምፁን ለማቀናበር ጊዜ ስለሚወስድበት ነው፣ ማይክሽ ግን ወዲያው ይደርሳል። ስለዚህ ማይኩን ማዘግየት አለብሽ። በስንት እንደሆነ በግምት አትሥሪ፣ ለክተሽ እወቂው። የቲቪውን ድምፅ ከፍ አድርጊ፣ ማይክሽን ወደ ቲቪው አስጠጊ፣ ሪኮርድ በዪና ሜኑ ላይ ሆነሽ ጢው የሚለውን ቁልፍ ደጋግመሽ ተጫኚ። ማይኩና ካርዱን በኦቢኤስ በተለያየ የድምፅ ትራክ አስቀምጫቸው። ከዚያ ቀረጻውን በማቀናበሪያ ፕሮግራም ስትከፍቺ ያው ጢው የምትለው ድምፅ ሁለት ቦታ ሹል ሆና ትታያለች፤ አንዷ በማይክ የገባችው፣ ሌላዋ በካርዱ። በመካከላቸው ያለው ርቀት ነው መዘግየቱ። ለምሳሌ 150 ሚሊሴኮንድ ከሆነ ኦቢኤስ ውስጥ አድቫንስድ ኦዲዮ ፕሮፐርቲስ ገብተሽ በማይኩ «ሲንክ ኦፍሴት» ላይ 150 ጻፊ። ከዚያ በኋላ የቲቪውን ድምፅ ዝጊና በሄድፎን ተጫወቺ። ፊትሽን የሚቀርጽ ካሜራ (ፌስካም) ካለሽም በዚያው ልክ ይዘግይ፣ አለዚያ አፍሽና ድምፅሽ አይገጥምም። ይህን አንዴ ካስተካከልሽ ካርዱን ወይም ሴቲንጉን እስካልቀየርሽ ድረስ እንደገና አያስቸግርሽም።

በአማርኛ ማውራትሽን ቀጥዪበት። የኛ ሰው እንደኛ የሚጮህ ኮሜንታሪ ይፈልጋል።

ጥያቄ፦ ቡሬ። የውድድራችንን ፍጻሜ ስንቀርጽ መብራት ሄደ። የላፕቶፑ ባትሪ ስለሞተ እሱም ጠፋ። ፋይሉ አለ፣ ትልቅ ነው፣ ግን አልከፈት አለ። ኤምፒ4 ነው።

መልስ፦ ኤምፒ4 ዝርዝሩን፣ ማለትም የቱ ፍሬም የት እንዳለ የሚናገረውን ክፍል፣ የሚጽፈው ቀረጻው ሲያልቅ ነው። መሐል ላይ ከተቋረጠ ምስሉ ፋይሉ ውስጥ አለ፣ ማጫወቻው ግን ከየት እንደሚጀምር አያውቅም። አትሰርዙት። አንትራንክ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ። በዚያው ላፕቶፕ፣ በዚያው ሴቲንግ የተቀረጸ ሌላ ጤነኛ ፋይል አብራችሁ ስትሰጡት የተበላሸውን አስተያይቶ ይጠግናል። ሁልጊዜ አይሳካም፣ ግን ለፍጻሜ ጨዋታ መሞከር ይገባዋል።

ለወደፊቱ ኦቢኤስ ሴቲንግ፣ አውትፑት፣ ሪኮርዲንግ ፎርማት የሚለውን ኤምኬቪ አድርጉት። ኤምኬቪ መብራት ቢሄድ እስከዚያች ሰዓት ያለውን አይነካውም። ቀረጻው ሲያልቅ ፋይል ሜኑ ውስጥ «ሪማክስ ሪኮርዲንግስ» በሉት፣ በደቂቃ ውስጥ ጥራቱን ሳይነካ ወደ ኤምፒ4 ይቀይረዋል። እኛ አገር ኦቢኤስ የሚጠቀም ሰው ሁሉ መጀመሪያ ማስተካከል ያለበት ይሄንን ነው።

ገንዘብ ሲኖራችሁ ዩፒኤስ፣ ማለትም መብራት ሲሄድ ለጊዜው ኃይል የሚሰጥ ባትሪ ግዙ። ፒኤስ4 ድንገት ሲጠፋም ዲስኩ ይጎዳል፣ ያን ጊዜ ከካርዱ የበለጠ ነው የምትከስሩት። ሌላም አለ፣ እባካችሁ ይህን በደንብ ስሙኝ። የኤችዲኤምአይ ገመዱን ብረት ስትነኩ ነዘር የሚያደርጋችሁ ከሆነ የግድግዳ ሶኬታችሁ የመሬት (ኧርዝ) መስመር የለውም ማለት ነው። በዚህ ሁኔታ ሁሉም በርቶ እያለ ኤችዲኤምአይ መንቀልና መሰካት ቀዳዳውን ያቃጥለዋል፤ የቲቪውን፣ የፒኤሱን ወይም የካርዱን። ቲቪ፣ ፒኤስና የላፕቶፕ ቻርጀር ሁሉም ከአንድ ዲቫይደር ይሁኑ። መጀመሪያ ዲቫይደሩን ከግድግዳው ንቀሉ፣ ገመዶቹን አገናኙ፣ መጨረሻ ላይ አብሩ። ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጠርታችሁ መሬቱን ብታስገቡት ደግሞ ለእናንተም ለደንበኞቻችሁም ደህንነት ነው።

ቦታውንም አስቡ። በ10 ሜጋቢት ስትቀርጹ አንድ ሰዓት 4.5 ጊጋባይት ገደማ ይይዛል። ፍላሽ ላይ ቀጥታ የምትቀርጹ ከሆነና ፍላሹ ፋት32 ከሆነ 4 ጊጋባይት ላይ ይቆማል፣ ኤክስፋት አድርጉት።

ጥያቄ፦ አዴት ነኝ። ኮምፒዩተር የለኝም፣ አንድሮይድ ስልክ ብቻ ነው ያለኝ። ካርዱን ስልኬ ላይ መሰካት ይቻላል?

መልስ፦ ይቻላል። ስልክህ ኦቲጂ (የዩኤስቢ ዕቃ ስልክ ላይ መሰኪያ) የሚቀበል ከሆነ ካርዱን በኦቲጂ ሰክተህ ዩኤስቢ ካሜራ የሚያሳይ አፕ ታወርዳለህ። ካርዱ ያለ ድራይቨር የሚሠራ መሆን አለበት፣ ርካሾቹ አብዛኞቹ እንዲያ ናቸው። ስልኩ ካርዱን ራሱ ስለሚመግበው ባትሪው ቶሎ ያልቃል፣ ይሞቃልም። አጭር አጭር ቅረጽ።

ጥያቄ፦ ሞጣ ላይ ጌም ቤታችን አሁንም ፒኤስ2 ነው ያለው፣ ልጆቹም ከሱ ውጪ አይፈልጉም። ኤችዲኤምአይ የለውም። እንዴት እንቅረጽ?

መልስ፦ ፒኤስ2ን ከ2000 ጀምሮ እስካሁን የሚያጫውት ሰው ይከበራል። ደግሞም የእናንተ በጣም ርካሹ ነው። ቢጫ፣ ነጭና ቀይ መሰኪያ ያለውን የዩኤስቢ ካርድ፣ በተለምዶ ኢዚካፕ የሚባለውን፣ ግዙ። ቢጫው ምስል ነው፣ ነጭና ቀዩ ድምፅ። ዩኤስቢ 2.0 ነው፣ ለዚህ ግን ከበቂ በላይ ነው። የፒኤስ2 ምስል 720 በ576 ስለሆነ ሳይጨመቅም ቢሄድ ከ200 ሜጋቢት በታች ነው። ቢጫውን ወደ ቲቪም ወደ ካርዱም ለመክፈል አንድ ሦስት መንገድ ያለው ማገናኛ በቂ ነው፣ ምስሉ ትንሽ ቢፈዝም።

ስትቀርጹ ተጫዋቹ ሲሮጥ ጠርዙ ላይ እንደ ሚዶ ጥርስ የተሰነጣጠቀ መስመር ታያላችሁ። ካርዱ ጥፋት የለበትም። የድሮ ምስል ጎዶሎና ሙሉ መስመሮቹን በየተራ ነው የሚልከው። ኦቢኤስ ውስጥ ሶርሱን ራይት ክሊክ አድርጋችሁ «ዲኢንተርሌሲንግ» ውስጥ «ያዲፍ 2ኤክስ» የሚለውን ምረጡ፣ ይስተካከላል። ስክሪኑን አትለጥጡት፣ 4 በ3 ይቆይ። የተለጠጠ ተጫዋች አጭርና ወፍራም ይሆናል።

ጥያቄ፦ እንጅባራ የሠርግ ቪዲዮ ቀራጭ ነኝ። ጥር 23 የፈረሰኞቹን በዓል በካሜራዬ ላይቭ ማስተላለፍ አስቤያለሁ። የጌም ካርድ ለካሜራ ይሆናል ወይስ የተለየ መግዛት አለብኝ?

መልስ፦ ይሆናል፣ ያው ነው። እንዲያውም የቲቪ መውጫ ስለማያስፈልግህ ቀለል ያለው ይበቃሃል። 30 ፍሬም ለበዓል ምንም አይደለም፣ ፈረሱ በሙሉ ፍጥነት ሲያልፍ ብቻ ነው ትንሽ የሚጎድለው። የሚያሳስበኝ ካሜራህ ነው። በኤችዲኤምአይ ሲያወጣ ስክሪኑ ላይ ያሉት የባትሪ፣ የሰዓትና የፎከስ ምልክቶች አብረው ከወጡ ላይቩ ላይ ይታያሉ። ቤትህ ቲቪ ላይ ሰክተህ ሜኑው ውስጥ ማጥፋት የሚቻል መሆኑን እይ። ማይጠፋ ከሆነ ካሜራ ከሰው ተዋስ። የካሜራው ቀዳዳም ሚኒ ይሁን ማይክሮ አስቀድመህ እወቅ፣ ገመዱን በዓሉ ቀን ፍለጋ አትሂድ። ገመዱን ከ10 ሜትር በላይ አታርዝመው። ካሜራው ሥራ ሲፈታ በራሱ የሚጠፋበትን ሴቲንግም ዝጋ።

ኔቱን በተመለከተ፣ በ3000 ኪሎቢት 720ፒ ብታስተላልፍ በሰዓት 1.35 ጊጋባይት ነው የሚበላህ፣ በ6000 ከሆነ እጥፉ። እኔ ብሆን 3000 ላይ እቆያለሁ። ፍጥነቱን ባዶ ሜዳ ላይ ለክተህ አትተማመን፤ ሰው ሲሰበሰብ ሁሉም ስልኩን ያወጣል፣ ኔትወርኩ ይጨናነቃል። ሁለት የተለያየ ሲም ያዝ። ኦቢኤስ ላይ ደግሞ «ስታርት ስትሪሚንግ»ን ስትጫን «ስታርት ሪኮርዲንግ»ንም አብረህ ተጫን። ላይቩ ቢቆራረጥ እንኳ ሙሉው ቀረጻ ላፕቶፕህ ላይ ስላለ ማታ ኔቱ ሲቀል ትጭነዋለህ።